ደሴ ላይ ዓሦቻችን በየሁለት ሳምንቱ ያልቃሉ፤ በሽታው ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ «ቤታችን ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ነው። ለዘጠኝ ዓመት ልጄ 60 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም ገዛንለት። ከአዲስ አበባ ስድስት ስድስት ወርቃማ ዓሣ (ጎልድፊሽ) እያስመጣን ስናስገባ ይኸው አራተኛ ጊዜያችን ነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላቸው ያልቃሉ። ንጽሕናቸውን እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምጠብቀው። በየቅዳሜው ውሃውን በሙሉ ደፍቼ፣ መስታወቱን፣ ጠጠሩንና የማጣሪያውን ስፖንጅ በፈሳሽ ሳሙና አጥቤ፣ አዲስ የቧንቧ ውሃ እሞላለሁ። በሽታ መስሎኝ የቴትራሳይክሊን እንክብል ከፍቼም በትኜበታለሁ። ያሁኖቹን ቅዳሜ አስገባናቸው። አንዱ ሐሙስ ሞተ። ሁለቱ ገንዳውን ባጠብኩ ማግስት፣ እሑድ ሞቱ። ሁለቱ ደግሞ መብራት ጠፍቶ ባደረበት ሌሊት። አንዲት ቀርታለች። ባለቤቴ በአቅራቢያችን ካለው የሐይቅ ከተማ ሐይቅ በጀሪካን ውሃ ላምጣ ይላል። ጎረቤታችን ደግሞ ዓይን ነው፣ ሰው እንዳያየው በጨርቅ ሸፍኚው ትላለች። በሽታው ምንድን ነው?»

እህቴ፣ አብሽሪ። ዓሦችሽን የፈጃቸው በሽታ አይመስለኝም።

ከጻፍሽው ውስጥ በጣም የጠቀመኝ የሞቱበትን ቀን ለይተሽ መንገርሽ ነው። ብዙ ሰው «ሞቱብኝ» ብሎ ብቻ ይጽፍልኛል። መቼ? ጠዋት ነው ማታ? ውሃ ከተቀየረ በኋላ ነው በፊት? ይህ ካልታወቀ የዓሣ ባለሙያም ከጠንቋይ አይሻልም። እኔ ኮምቦልቻ ነው የምኖረው። የውሃ መመርመሪያ ኪት እዚህ አካባቢ እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ኪታችን የቀን መቁጠሪያው ነው።

ያየሽው ሦስት ዓይነት ሞት ነው። ከሦስቱም ጀርባ ግን አንድ ነገር አለ፤ ገንዳሽ እርሾ የለውም።

እርሾ ስል እየቀለድኩ አይደለም። እንጀራ ስትጋግሪ ከሊጡ ላይ እርሾ ታስቀሪያለሽ። ቡሃቃውን በየጊዜው በሳሙና ፈትገሽ፣ እርሾውን ደፍተሽ፣ ነገ ሊጡ እንዲቦካ አትጠብቂም። አኳሪየምም እንደዚያው ነው። ዓሣ የሚጸዳዳው በኋላው ብቻ አይደለም። በጭንቅላቱ ጎንና ጎን ባለው ቀይ መተንፈሻ፣ በስንጥቡም አሞኒያ ያወጣል፤ እንዲያውም አብዛኛውን የሚያወጣው በዚያ ነው። አሞኒያ ያ ያረጀ ሽንት ቤት ውስጥ ዓይን የሚያቃጥለው ነገር ነው። ወንዝ ውስጥ ታጥቦ ይሄዳል። 60 ሊትር ውስጥ ግን የት ይሄዳል?

የሚገላግሉት ባክቴሪያዎች ናቸው። አንደኛው ዓይነት አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል። ናይትራይትም መርዝ ነው። ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል፤ የዓሣው ደም ቡናማ እስኪሆን ድረስ። ሁለተኛው ዓይነት ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። ናይትሬት ካልበዛ ብዙም አይጎዳም፤ በየሳምንቱ ትንሽ ውሃ በመቀየር ይወጣል። እነዚህ ባክቴሪያዎች አዲስ ገንዳ ላይ ተራብተው ሥራውን እስኪችሉት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። እንደ ደሴ ብርድ ባለበት ደግሞ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል፤ ብርድ ያዘገያቸዋል።

ታዲያ የት ነው የሚኖሩት? ውሃው ውስጥ እምብዛም የሉም። ስፖንጁ ላይ፣ ጠጠሩ ላይ፣ መስታወቱ ላይ ተለጥፈው ነው ያሉት። ያ ስፖንጁ ላይ የምታዪው ቡናማ ዝልግልግ ነገር ቆሻሻ ይመስላል። እሱ ነው እርሾሽ። አንቺ ደግሞ በየቅዳሜው በሳሙና ታጥቢዋለሽ። አራት ወር ሙሉ ብታቆዪው እንኳን ገንዳሽ ሁልጊዜ የአንድ ሳምንት ገንዳ ነው።

አትፈሪ፣ እኔም አጥቤያለሁ። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አለቃዬ «ማጣሪያው አስጠልቶኛል» አለኝ። ቧንቧ ሥር ይዤው ሄጄ ነጭ እስኪሆን አሸሁት። ተመሰገንኩ። በሦስተኛው ቀን ገንዳ ሙሉ ዓሣ በጀርባው ተንሳፍፎ አገኘሁት። ያን ቀን ያመሰገነኝ አልነበረም።

አሁን ወደ ቀኖቹ እንሂድ።

ሐሙስ። ዓሦቹ ቅዳሜ ገቡ፤ ሐሙስ አምስተኛ ቀናቸው ነው። አሞኒያ የሚከማችበት ቀን ነው። ስድስት ጎልድፊሽ በ60 ሊትር ውስጥ፣ ያለ እርሾ፣ ከዚህ በላይ አይቆይም። ደግሞ ጎልድፊሽ በባሕርይው ብዙ የሚበላና ብዙ የሚጸዳዳ ዓሣ ነው። እስቲ መለስ ብለሽ አስታውሺ፤ ከመሞቱ በፊት ክንፎቹን ሰብስቦ ጥግ ላይ ዝም አላለም? ስንጥቡ በጣም አልቀላም? እንግዳ ሲመጣስ ዳቦ እየፈረፈረ አይጥልላቸውም? ወሎ ቤት እንግዳ አይጠፋም፤ እንግዳ ደግሞ ዓሣን ሳያበላ አይሄድም። ያ ዳቦ ከሥር በስብሶ እንደገና አሞኒያ ይሆናል።

እሑድ። ይህ ከቅዳሜው አጠባ ጋር የተያያዘ ነው። ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ነው ያወረድሽባቸው። አንደኛ ክሎሪን። የቧንቧ ውሃ ለእኛ ጤና ሲባል ክሎሪን ይጨመርበታል። ለእኛ ምንም የማይለን መጠን የዓሣን ስንጥብ ያቃጥላል። ሁለተኛ ሳሙና። የቱንም ያህል ብታለቀልቂው ጠጠር መሐልና ስፖንጅ ውስጥ ይቀራል። ሦስተኛ ብርድ። የደሴ የቧንቧ ውሃ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት እጅ እንዴት እንደሚያደነዝዝ አንቺ ታውቂዋለሽ። ሳሎን ውስጥ ከነበረ ውሃ ወደዚያ በድንገት ማዛወር አንድን ሰው ከአልጋው አንስቶ ጦሳ ተራራ ጫፍ ላይ እንደ ማቆም ነው። ጎልድፊሽ ቀዝቃዛ ውሃ ይችላል። ድንገት መቀዝቀዙን ነው የማይችለው።

አንድ ነገር ግን እድለኛ ነሽ። ደሴ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በየቤቱ ጀሪካንና ሮቶ ሙሉ ውሃ ይቀመጣል። ለሰው መከራ ነው፤ ለዓሣ ግን በረከት። አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ ወይም ሳፋ ውስጥ ቀድተሽ ሳትከድኚ ለ24 ሰዓት ብታስቀምጪው ክሎሪኑ ተንኖ ይሄዳል፤ ሙቀቱም ከቤቱ ጋር ይስተካከላል። አንዳንዴ ቀላቀል ብታደርጊው ቶሎ ይወጣል። ተከድኖ የከረመ ጀሪካን ግን ክሎሪኑን እንደያዘ ሊቆይ ስለሚችል መጀመሪያ ወደ ሰፊ ዕቃ ገልብጪው። ለመጠጥ ብለሽ ውሃ አጋር (ክሎሪን ያለበትን የውሃ ማከሚያ) የጨመርሽበትን ውሃ ደግሞ ወደ ገንዳው ፈጽሞ አታስጠጊ።

መብራት የጠፋበት ሌሊት። ይህኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከውጭ አገር ቪዲዮ የሚማር ሰው ደሴ ላይ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። እነዚያ ሰዎች ባሕር ዳርቻ ወይም ዝቅ ያለ ከተማ ነው ያሉት። የባሕር ጠረፍ ላይ 20 ዲግሪ የሆነ አንድ ሊትር ውሃ ቢበዛ 9 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ሳሳ ያለ ነው። እኔ ሐረጎን ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ጆሮዬ የሚደፈነው ለዚህ ነው፤ 600 ሜትር ገደማ ነው የምወርደው። ደሴ ላይ ያው ውሃ ያው ሙቀት ላይ ሆኖ 7 ሚሊግራም አይሞላም። ይህ እንግዲህ ፓምፑ እየሠራ ነው። ውሃው መርካት የሚችለው እስከዚያ ነው።

እና የውጭ አገሩ ሰው «መብራት ለጥቂት ሰዓት ቢጠፋ ችግር የለውም» ሲልሽ ለእሱ እውነቱን ነው። አንቺ ግን ከመነሻው የኦክስጅኑን ሩብ አጥተሻል። ከዚያ ላይ ብዙ የሚበላ ዓሣ፣ ከሥር የሚበሰብስ ዳቦ። መበስበስም ኦክስጅን ይበላል። ውሃው ፀጥ ሲል ሌሊቱን ይታፈናሉ። ጠዋት ስትነሺ ከላይ ተንጠልጥለው አፋቸውን ከፈት ከደን ሲያደርጉ ካየሽ፣ ርቧቸው አይደለም። አየር አጥሯቸው ነው። ሰው ርቧቸው መስሎት ምግብ ይጨምራል፤ ያ የመጨረሻው ምሳቸው ይሆናል።

መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ ምግብ ማቆም። ከዚያ በጆግ ከገንዳው እየቀዳሽ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርገሽ መልሰሽ ማፍሰስ፣ ሃያ ሠላሳ ጊዜ፣ በየሰዓቱ። ልጅሽ ይህን ሥራ በደስታ ነው የሚሠራው። ሌሊት እንዳትነሺ በፓወር ባንክ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ብታስገዢ ከሁሉም ይሻላል። አዲስ አበባ ዓሣውን ከሸጡልሽ ሰዎች ዘንድ ጠይቂ። ደግሞ የአየር ፓምፑን ከውሃው ከፍታ በላይ አስቀምጪው። ዝቅ ካለ፣ መብራት ሲጠፋ ውሃው በቱቦው ወደ ኋላ ተስቦ ፓምፑንም ምንጣፉንም ያበላሻል። ጠዋት መብራት ሲመጣ ለረጅም ሰዓት ቆሞ ያደረ ማጣሪያ ውስጥ ያለው ውሃ ሸትቶ ከሆነ እሱን ደፍተሽ፣ ስፖንጁን ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ጨመቅ ጨመቅ አድርገሽ መልሺ። በቧንቧ ውሃ አይደለም። በሳሙና ያልሽ እንደሆነ እንጣላለን።

ቴትራሳይክሊኑን ተዪው። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። መድኃኒቱ ባክቴሪያ ነው የሚገድለው፤ የተረፈችሽንም እርሾ ጭምር። በዚያ ላይ ካልሲየምና ማግኒዚየም በበዛበት ውሃ ውስጥ ቴትራሳይክሊን ከእነሱ ጋር ይያያዝና ጉልበቱን ያጣል። ያም ሆነ ይህ አንቺ ያለብሽ ችግር ባክቴሪያ አይደለም፤ እንዲያውም የባክቴሪያ ማነስ ነው። እንክብሉ ሰው ሲታመም ሐኪም የሚያዝዘው ይሁን። በሽታ ቢሆን ኖሮ ምልክት ትነግሪኝ ነበር። የተነሰነሰ ጨው የመሰለ ነጭ ነጠብጣብ፣ የተቦጨቀ ክንፍ፣ ጥጥ የመሰለ ሻጋታ። አንዱንም አልጻፍሽም።

አሁን ያቺ የቀረችው። እሷን ማትረፍ ይቻላል።

ዛሬ ሁለት ባልዲ ውሃ ሳትከድኚ አስቀምጪ። ከነገ ጀምሮ በየቀኑ 15 ሊትር ብቻ ከገንዳው አውጥተሽ በዚያ በተቀመጠው ውሃ ተኪ። ስትጨምሪ ቀስ እያልሽ፣ በጆግ። ይህን ለሦስት ሳምንት ያህል ታደርጊዋለሽ፤ ከዚያ በየሁለት ቀኑ፣ ከዚያ በሳምንት አንዴ። ስፖንጁን አትንኪው። ጠጠሩን አትንኪው። መስታወቱ ፊት ለፊት ከቆሸሸ በንጹሕ ጨርቅ ወልወል አድርጊው፣ የቀረውን ተዪው። መጀመሪያ ሰሞን ውሃው ደመና ሊመስል ይችላል። እጅሽን ሰብስቢ፤ ያልፋል።

ጨው ይጠቅማታል። በሊትር 1 ግራም ሒሳብ፣ ለ60 ሊትር 60 ግራም። ይህ አሥር የሻይ ማንኪያ ልሙጥ ገደማ ነው። አንድ ጆግ ውሃ ውስጥ አሟሚና ግማሹን ዛሬ ግማሹን ነገ ጨምሪ። የጨው ክሎራይድ ናይትራይት በስንጥቧ በኩል ወደ ደሟ እንዳይገባ ይከላከልላታል። ጨው በትነት አይወጣም። ስለዚህ 15 ሊትር በቀየርሽ ቁጥር 15 ግራም ብቻ ነው የምትመልሺው። በየቀኑ 60 ግራም ከጨመርሽ አሳ ቋንጣ ነው የምታደርጊያት።

ምግብ በሁለት ቀን አንዴ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የምትጨርሰውን ያህል። ጣትሽ ጫፍ ላይ የምትይዘውን ያህል ማለት ነው። ዳቦ የለም። ልጅሽ «ራባት» ብሎ ቢያለቅስስ? ጎልድፊሽ ያለ ምግብ ብዙ ቀን ትቆያለች። አሞኒያ ውስጥ ግን አትቆይም።

አዲስ ዓሣ ለስድስት ሳምንት አታስመጪ። ይህ ነው ከባዱ ትእዛዝ፤ አውቃለሁ። የምትቸኩይ ከሆነ እርሾ ተዋሺ። የምታውቂው ሰው ወይም አንድ ሆቴል ዓሦቹ ጤነኛ ሆነው የከረሙ አኳሪየም ካለው፣ ከማጣሪያው ስፖንጅ ቁራጭ ወይም አንድ እፍኝ ጠጠር ለምኚ። በራሱ ውሃ ውስጥ፣ ሳይደርቅ፣ በዚያው ቀን ወደ ማጣሪያሽ አስገቢው። ጎረቤት እርሾ ሲሰጥሽ እንደምታደርጊው። ሳምንታት ይቀንስልሻል።

ከዚያ በኋላም ስድስት አይሆንም። እውነቱን ልንገርሽ፣ 60 ሊትር ለጎልድፊሽ ጠባብ ነው። ሱቅ ውስጥ ጣት የምታክለው ዓሣ በደንብ ከተያዘች ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ታድጋለች። አንዲት ጓደኛ አምጡላት፣ ሁለት ይሁኑ፣ ሲያድጉ ገንዳውን ታሳድጊላቸዋለሽ። ልጅሽ ብዙ ዓሣ ማየት የሚወድ ከሆነ ጉፒ የሚባሉት ትንንሾቹ ለዚህ ገንዳ ይሻላሉ። ግን 24 ዲግሪ አካባቢ ስለሚወዱ የደሴ ሌሊት ላይ የውሃ ማሞቂያ ይፈልጋሉ፤ ማሞቂያው ደግሞ መብራት ይፈልጋል። እዚያ ላይ ነው ጣጣው። እኔ ብሆን ደሴ ላይ ጎልድፊሽ ነው የምይዘው።

ስለ መንገዱም አንድ ነገር። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በፌስታል ተጉዘው ነው የሚመጡት። ፌስታሉ ውስጥ አሞኒያ ተከማችቷል። ግን በትንፋሻቸው የሞላው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃውን ስለሚያኮመጥጠው መርዝነቱ ለጊዜው ደንዝዟል። ፌስታሉ ሲከፈት ጋዙ ይወጣል፣ መርዙ ይነቃል። ስለዚህ ሳትከፍቺ ገንዳው ላይ ለ20 ደቂቃ አንሳፍፊው፣ ከዚያ ከፍተሽ ቶሎ ዓሦቹን በመረብ ወይም በእጅ አሸጋግሪ። የፌስታሉን ውሃ ገንዳ ውስጥ አትድፊ።

ቤት ውስጥ ለበረሮ ወይም ለቁንጫ የሚነፋ ነገር ካለሽ እሱንም ጠብቂ። በጣም ትንሿ መጠን ዓሣ ትፈጃለች፤ የአየር ፓምፑ ደግሞ የክፍሉን አየር ስቦ ነው ውሃው ውስጥ የሚያስገባው። የቡናው እጣንም ከገንዳው ራቅ ይበል። እጣኑን አቁሚ አልልሽም፤ ወሎ ላይ ሆኜ ይህን የማዘው እኔ ማነኝ?

የባለቤትሽ ሐሳብ ደግ ነው፣ ግን አይሆንም። «የሐይቅ ዓሣ በሐይቅ ውሃ ይኖራል፣ የኛስ?» ብሎ ይሆናል። ያ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም። ውሃው የሚቀንሰው በትነት ስለሆነ ማዕድኑ ይከማቻል፤ ፒኤቹ (የውሃ ኮምጣጣነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ኮምጣጣነቱ ይቀንሳል) ወደ 9 ይጠጋል። እዚያ ያለው ቆሮሶ ይችለዋል፤ እሱም ራሱ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ መጨረሻ ሰው ያስገባው ነው። የአንቺ ገንዳ ግን አሞኒያ አለበት። ፒኤች 7 ላይ ከአሞኒያው መርዛማው ክፍል ከመቶ እጅ አንድ እጅ እንኳን አይሞላም። 9 ላይ ከሩብ በላይ ይሆናል። ያው ቆሻሻ፣ ያው መጠን፣ ግን ብዙ እጥፍ መርዝ። በዚያ ላይ ጥገኛ ትላትልና ቀንድ አውጣ ይመጣል፤ ልጅ ደግሞ እጁን ገንዳው ውስጥ ይነክራል። ብልሃርዝያ ከቀንድ አውጣ ጋር እንደምትኖር አትርሺ። ባለቤትሽ ሐይቅ ድረስ ከሄደ አይቀር የተጠበሰ ዓሣ ይዞላችሁ ይምጣ።

ልጅሽ ደግሞ ምናልባት ስልክ ላይ ያየውን ኮራል (ድንጋይ የሚመስል የባሕር እንስሳ)ና ያንን ብርቱካናማና ነጭ ዓሣ ይጠይቅሽ ይሆናል፤ ሁሉም ይጠይቃል። ኮራል በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው ያለበት ውሃ፣ ቀንም ሌሊትም የማይዋዥቅ 25 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት፣ ብርቱ መብራትና የማያቋርጥ ሞገድ ይፈልጋል። ሙቀቱ ለጥቂት ሳምንት ትንሽ ከፍ ቢል እንኳን ቀለሙን ይተፋል። መብራት በሚጠፋበት ቤት አልመክርም። ግን ንገሪው፤ እዚያም አሞኒያውን የሚያጸዳው ይኸው የባክቴሪያ እርሾ ነው። ቦታው ብቻ ነው የሚለየው፣ ድንጋይ ውስጥ ነው የሚሸሸገው። ይችን አንዲት ጎልድፊሽ ለአንድ ዓመት ካቆያት ከባዱን ትምህርት ጨርሷል።

ጎረቤትሽ ስላለችው ዓይን አልከራከርም። ጨርቁን ግን ዙሪያውን አታልብሺው፣ ከላይም አትክደኚው፤ አየር ያስፈልጋታል። በመስኮቱ በኩል ያለውን ጎን ብቻ ሸፍኚው። ፀሐይ በቀጥታ ካልመታው መስታወቱ ላይ የሚወጣው አረንጓዴ ይቀንስልሻል፤ ጎረቤትሽም ደስ ይላታል።